አነበበ ወይስ ደገመ?



በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጋር ካጋጠመን ነገር የመጣ ነው። የልጁን ስም አንጠራም፤ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁና፣ አንድ ጊዜ ማፈሩ ይበቃዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አንደብቅም። ጥፋቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን ማንበብ እናስተምራለን ብለን የተሰበሰብነው የእኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለዓመቱ በዓል ሕፃናቱ በወላጆቻቸው ፊት ቆመው እንዲያነቡ አሰብን። የሕፃናት መጽሐፍ ስላልነበረን ከመካከላችን አንዱ ወንዝ መሻገር ስለፈራች ፍየል አንዲት አጭር ታሪክ ጻፈ። ይህችኑ መጽሔት በምናባዛበት ማባዣ አባዝተን ለየልጁ አንዳንድ ቅጠል አደልን። ለአምስት ሳምንት እኛ እያነበብን እነሱ እየተቀበሉ አጠኑት። በበዓሉ ቀን ያ ልጅ ወጣና ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይደናቀፍ ተወጣው። እናቱ እልል አለች። እኛም አንድ ደብተርና ሁለት እርሳስ ሸለምነው፤ ከእርሱ ይልቅ ደስ ያለን እኛን ነበር ማለት ይቻላል።

ከበዓሉ በኋላ በሦስተኛው ቅዳሜ አዲስ ቅጠል አመጣን። ልጁ ዝም አለ። ከእኛ አንዱ የድሮውን ቅጠል አወጣና በመካከሉ ያለውን «ወንዝ» የሚለውን ቃል በጣቱ ነክቶ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንሥቶ የፍየሏን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረ። «አይ፣ ይህን ብቻ» ተባለ። አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረ። ያን ጊዜ «ለካ ማንበብ አትችልም!» የሚል ድምፅ ከእኛ ወገን ወጣ፤ ድምፁም ከፍ ያለ ነበር። ሕፃናቱ ሳቁ። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም አንገቱን እንደደፋ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም።

በዚያ ሳምንት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን «ልጁ አታሎናል፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ በሕዝብ ፊት ቆሟል፤ ይህ ሐሰት ካልሆነ ሐሰት ምንድን ነው?» አለ። ሌላው ወገን «ሕፃን ነው፤ ይለፈው» አለ። ሁለቱንም አልተቀበልናቸውም። የመጀመሪያው ፍርድ ችኩል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ይቅርታ ይምሰል እንጂ ጥፋቱን አሁንም በልጁ ላይ ጥሎ ያልፋል።

ለመሆኑ ሐሰት የሚባለው ምንድን ነው? ሰው እውነቱን እያወቀ ሌላ ሲናገር አይደለምን? ያ ልጅ ማንበብ ማለት ሌላ ነገር መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አምስት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ድምፁን አሰማ፤ «ጎበዝ» ተባለ። ወረቀት ይዞ ትክክለኛውን ቃል በትክክለኛው ተራ መናገር ማንበብ መሆኑን ያስተማርነው እኛ ነን። ከዚያም በተማረው ሥራ ሸለምነው፤ በዚያው ሥራ ደግሞ አሳፈርነው። እኛ ማባበያና ማሳፈሪያ በአንድ እጅ ይዘን ስንቆም እርሱ ምን ያድርግ? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ለበዓሉ ስንሮጥ ያጠበቅነው ነገር በሦስት ሳምንት ተፈታ።

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው ደግሞ አባቶቻችን ይህን ችግር ከእኛ አስቀድመው ያውቁት እንደነበር ተረዳን። በየቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ በመጀመሪያ ሀሁን ይቆጥራል፤ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያለ በስንደዶ እየጠቆመ ገበታውን ይወርዳል። የአማርኛውን ጨምሮ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ካጠናው በኋላ ዓይኑን ጨፍኖም ሊለው ይችላል። ታዲያ የኔታ በዚህ ረክተው አያልፉም። አቡጊዳ ይመጣል። አቡጊዳ ማለት ያው ፊደል ነው፤ ተራው ግን ተዘበራርቋል። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ እየተነሣ በአግድሞሽ ይሄዳል። ሀሁን በጆሮው ብቻ ያጠና ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ መልኩን ያወቀ ግን ያልፋል። እንግዲህ እኛ «ወንዝ» በሚለው ቃል ላይ ጣታችንን ያሳረፍነው በበዓሉ ማግሥት፣ ያውም ልጁን ለማጋለጥ ነው። የኔታ ግን ያንኑ ጥያቄ በትምህርቱ መካከል፣ ለሁሉም ልጅ፣ እንደ አንድ ደረጃ አስቀምጠውታል። በአቡጊዳ የተያዘ ልጅ ሌባ አይባልም፤ ወደ ገበታው ይመለሳል እንጂ።

ከዚያም በኋላ ልጁ መልእክተ ዮሐንስን ሲጀምር ወዲያው አንብብ አይባልም። በመጀመሪያ በቁጥር ፊደል በፊደል እየነጠለ ይሄድበታል፤ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባለው የድምፅ ሥርዓት በዚህ ጊዜ ይገባዋል። ዳዊት ሲደገም በየቤቱ የሚደረገው ደስታ የዚህ ሁሉ ድካም ፍጻሜ ነው። ዛሬ በከተማ የቄስ ትምህርትን «የበቀቀን ትምህርት» እያሉ የሚያቃልሉ ተማሪዎች አሉ፤ እኛም አንደኛ ዓመት ሳለን ብለናል። የበቀቀን ትምህርት የሰጠነው ግን ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ይዘን የተነሣን እኛ ሆነን ተገኘን።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ እናወድሳለን ማለት አይደለም። በዚያ ትምህርት አርጩሜም ነበረበት። ከዚህም በላይ ልጁ ለብዙ ጊዜ የሚያነበው በማይናገረው ቋንቋ ነው፤ ግዕዙን አቀላጥፎ እያነበበ አንዲቱን ቃል እንኳ ሳይረዳት ዳዊትን ሊጨርስ ይችላል። ትርጓሜው የሚመጣው ኋላ ነው፤ ለብዙዎች ግን ያ «ኋላ» ሳይመጣ ቀርቷል። ጸሎቱ ዋጋ እንዳለው አንጠራጠርም። ነገር ግን ንባብና ማስተዋል ተለያይተው ብዙ ዘመን መኖር እንደሚችሉ ማስረጃው በገዛ ቤታችን አለ።

በአማርኛ ግን ሁለቱን መለየት ፈጽሞ አይቻልም፤ ይህን ያስተዋልነው ከሕፃናቱ ጋር ስንቀመጥ ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» የሚለውን ቃል ውሰዱ፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ፣ ተገኘ ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን ጠብቆ የልደት በዓል ነው። «ዋና»ም እንዲሁ፤ በአንድ ወገን የውኃው፣ በሌላ ወገን አለቃው። ልጁ የትኛውን እንደሚያሰማ በፊደሉ ላይ አልተጻፈለትም፤ ከነገሩ መረዳት አለበት። እንግዲህ አማርኛን ድምፅ አውጥቶ በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ መረዳት ግድ ነው። ፊደሉን ለይቶ ነገሩን ያልተከተለ ልጅ አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ሲሄድ፣ በጆሮአችን ብቻ እናውቀዋለን። በቃሉ ያጠናው ያ ልጅ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሳይሳሳት ማለፉ ሊያስጠረጥረን ሲገባ አስደሰተን። መሳሳት የሚችለው የሚያነብ ሰው ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሀገራችን ሰው ስለሆነም በኩራት እንተርከዋለን። ነገር ግን ከኩራቱ ሌላ አንድ ነገር እናስተውል። ፊልጶስ ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ ድምፁን እያሰማ ሲያነብ ሰማው። የጠየቀውም ስለ ማንበቡ ሳይሆን ስለ ማስተዋሉ ነው። ጃንደረባው ሹም ነው፣ የንግሥት ገንዘብ ጠባቂ ነው፤ ቢሆንም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም። ለምን አላፈረም? ጠያቂው እንዴት እንደጠየቀው ይመስለናል። ፊልጶስ መልሱን ከሰማ በኋላ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አልፈረደም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። እኛ ግን ልጁን ስንጠይቀው ቆመን ነበር፤ እርሱ ተቀምጦ ነበር፤ ሠላሳ ያህል ሕፃናትም ያዩን ነበር።

ይህ የአንድ አዳራሽ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሀገራችን ፊደል የማስቆጠር ትልቅ ዘመቻ ተደርጎ ነበር፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ 15 ቋንቋዎችን ይዞ ሚሊዮኖችን ከፊደል አገናኝቷል፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አግኝቷል። ወላጆቻችን በመብራት ሥር ከጎረቤት ጋር ሲማሩ የነበሩበትን ጊዜ ዛሬም ያወሩልናል። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ይግቡ ተብሎ ብዙዎች ከገቡ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በራሳቸው ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታየ። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው! እነዚህ ልጆች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ከመምህሩ ጋር በአንድ ድምፅ ይሉ ነበር። በአንድ ድምፅ ውስጥ የማን ድምፅ እንደሌለ አይታወቅም።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ ወደ መውደድ። ልጅ ማንበብን ይወድ ዘንድ ማዘዝ ይቻላልን? ከእኛ መካከል አንድ የሒሳብ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሳቀ። «ፍቅሩን ለራሱ ተዉለት፤ ንባብ እንጀራ ነው፤ እንጀራን የሚወደው ስላለ ነው ወይስ ስለሚራብ?» አለ። ንግግሩ ቀላል አይደለም። 231 ፊደል በጨዋታ ብቻ አይገባም። ነንና ኘን፣ ተንና ቸን፣ ደንና ጀን የሚለየው በራሷ ላይ የተጨመረች ምልክት ናት፤ ያችን ለማየት ዓይን መልመድ አለበት፤ ልምድ ደግሞ ድግግሞሽ ነው፤ ድግግሞሽም ይሰለቻል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ስለምን ሦስት ሆኑ ብሎ ልጅ ሲጠይቅ በጨዋታ የሚመለስ መልስ የለንም። ስለዚህ ሥራ የሌለበት ደስታ አለ ብለን ለወላጆች ብንነግር እንዋሻለን።

ሆኖም ወዳጃችን አንድ ነገር ዘንግቷል። እንጀራ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንጀራን አይራብም። ልጅ ስለ ንባብ የሚራበው ከንባብ የሚገኘውን ነገር አስቀድሞ በጆሮው የቀመሰ እንደሆነ ነው። አያቶቻችን ማታ በምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን የተጠጋነው ማንም አስገድዶን አልነበረም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በቴሌቪዥን ብቅ ሲሉ ከየጎረቤቱ የሚሰበሰቡትን ሕፃናት ማንም አልሸለማቸውም። ታዲያ ተረቱ በወረቀት ላይ ሲሆን ሽልማት ያስፈለገው ለምንድን ነው? እኛ ደብተርና እርሳስ ስንሰጥ፣ ታሪኩ ብቻውን የማይበቃ፣ ሰው የሚያነበው እርሳስ ለማግኘት እንደሆነ ለሠላሳ ልጆች መሰከርን። ስለ ፍየሏ መጨረሻ አንድም ልጅ አልጠየቀንም። በእርግጥ ታሪኳ እንደ ታሪክ ደካማ ነበረች፤ ጻፊያችን ይህን ሲያነብ እንዳይከፋው እንጂ፣ ፍየሏ ፈራች፣ ከዚያ ተሻገረች፣ አለቀ።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው ወደ ሀገራቸው ተመለሱና በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ አካባቢ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆቹ እንዲሄድ አደረጉ። ከዚህ ሥራ ለእኛ ትልቅ ሆኖ የታየን የመጻሕፍቱ ብዛት አይደለም፤ ልጅ ከሁለትና ከሦስት መጻሕፍት መካከል ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም ማለት መቻሉ ነው። እኛ ዘንድ ለሠላሳ ልጅ አንድ ቅጠል ነበር። ምርጫ በሌለበት መውደድ የለም፤ መታዘዝ ብቻ ነው ያለው።

እንግዲህ ከክርክሩ በኋላ ምን ለወጥን? ብዙ አይደለም። በሕዝብ ፊት ማስነበብን ትተናል። ሕፃናቱን በሦስት በሦስት ከፍለን አብረናቸው መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተን እንቀመጣለን። ታሪክ እናነብላቸዋለን፤ ነገሩ ከመጨረሱ በፊት እናቆምና ቅጠሉን መካከላቸው ትተን ጥቂት ፈቀቅ እንላለን። አንዳንዱ ቡድን ቅጠሉን አይነካውም፤ አንዳንዱ ይሻማበታል። አንዲት ልጅ የመጨረሻውን መስመር ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ስታነበንብ አይተናል፤ «ጅቡ ሄደ» የሚል ሆኖ ሲገኝ በጣም ተናደደች። ያ ንዴት ከደብተሩ ሽልማት ይልቅ እኛን አስደስቶናል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አያቶችም «እኛ ምን እናግዛለን?» ሲሉ፣ ልጁ ሲያነብ ጆሮ ሰጥተው «ከዚያስ?» እንዲሉት እንነግራቸዋለን፤ «ከዚያስ?» ለማለት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። በዚህም ሁሉ የሒሳቡ ተማሪ ፊደል ገበታውን አልተወም፤ በየቅዳሜው የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት የእርሱ ናት፣ አቡጊዳንም እርሱ ነው የጀመረው።

ወደ ልጁ ለመሄድ ግን ዘገየን። ከአንድ ወር በላይ እርስ በርሳችን «አንተ ሂድ፣ አንቺ ሂጂ» ተባባልን። ስለ ልጁ ለመከራከር ማንም አልዘገየም፤ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሁላችንም ፈተና ነበረብን። በመጨረሻ ሦስት ሆነን ሄድን። እናቱ በአክብሮት ተቀበለችን፤ ልጇ ማንበብ እንደሚችል አሁንም ታምናለች፤ ደብተሩንም በሳጥን አስቀምጣዋለች። ምን እንደምንላት አላወቅንም፤ ከእኛ አንዷ «እኛ በደንብ አላስተማርነውም፤ እንደገና ልንጀምር መጥተን ነው» አለቻት። እናቲቱ አልመሰላትም፤ የትሕትና ንግግር አድርጋ ወሰደችው።

ልጁ ከደጅ በመድረኩ ላይ ተቀምጦ ለታናሽ እኅቱ ያችኑ የፍየል ቅጠል ዘርግቶ ነበር። ወረቀቱ በእጥፋቱ ተቀዷል። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየጎተተ ታሪኩን በቃሉ ያወጣላት ነበር፤ ጣቱና ድምፁ ግን አይገናኙም፤ ድምፁ ወንዙን ሲሻገር ጣቱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ሲያየን ዝም አለ። እኅቱ «ከዚያስ?» አለችው።

ያችው የእኛ እኅት መድረኩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና «እኔም ፍየሏን እንዴት እንደምትጻፍ ልይ፤ የት ናት?» አለችው። ረጅም ጊዜ ፈለገ። በመጀመሪያ ያሳየው ቃል ፍየል አልነበረም፤ «ፈራች» የሚል ነበር። ሁለቱም በአንድ ዘር ፊደል ይጀምራሉና ስሕተቱ የሚያነብ ሰው ስሕተት ነው አለችው፤ የገባው አይመስለንም፤ ጣቱን ግን አላነሣም።

እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ አይመጣም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማታ ከእኛ አንዳችን በተራ እንሄዳለን፤ እኅቱም አብራ ትቀመጣለች። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሰዋል።